ስለ ቈዳ ማልፋት ጥበብና ስለ ምክንያቱ

ከታረደ ከብት የተገፈፈ ቈዳ በጊዜው ካልተያዘ በጥቂት ቀን ይበሰብሳል፤ የለፋ ቈዳ ግን አቁማዳ፣ ጠፍር ወይም አገልግል ሆኖ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው የቈዳ ፋቂው ጥበብ ነው። አባቶች በልምድ የያዙት ይህ ሥራ በኬሚስትሪ ትምህርት ሲመረመር፣ እያንዳንዱ ደረጃ ምክንያት ያለው ሆኖ ይገኛል።

መጀመሪያ ቈዳው በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም ሥጋውና ሞራው ይፋቃል። ስብ ከቀረበት ማልፊያው ወደ ውስጥ ሊዘልቅ አይችልምና። በኮንሶ ይህን የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ሲሆኑ፣ ከድንጋይ በተጠረበ መፋቂያ ሲፍቁ ተመራማሪዎች መዝግበዋል።

የእንቧይ ፍሬ የሚጨምሩም አሉ። የዚህ ፍሬ ጭማቂ ወተትን ያረጋል፤ ይኸውም ፕሮቲንን የሚቈራርጥ ኢንዛይም እንዳለበት ያመለክታል።

ዋናው ነገር ግን በግራር ቅርፊት ውስጥ ያለው ታኒን ነው፤ ቅርፊቱ ሲቀመስ ምላስን የሚያደርቀው እርሱ ነው። ቈዳ ኮላጅን ከሚባል የፕሮቲን ጭረት የተሠራ ሲሆን፣ ታኒን ጭረቶቹን እርስ በርሳቸው ስለሚያያይዝ የሚያበሰብሱ ረቂቅ ተሕዋስያን በቀላሉ ሊበሉት አይችሉም። ጥሬ ቈዳ በ60 ወይም በ65 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ሲኰማተር፣ በቅርፊት የለፋው ግን ከ75 ዲግሪ በላይ ይታገሣል። በመጨረሻም ቅቤ ወይም ዘይት ተቀብቶ የሚታሸው፣ ሲደርቅ ጭረቶቹ ተጣብቀው እንዳይደነድኑ ነው። ብራና ግን በታኒን ያልለፋ፣ ተወጥሮ የደረቀ ቈዳ ስለ ሆነ ርጥበት ይጎዳዋል።

እንግሊዛዊው ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ ስለ ታኒንና ስለ ቈዳ ማልፋት ያደረገውን ምርመራ ያሳተመው በ1803 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። የሀገራችን ፋቂ ግን መጽሐፉን ሳያይ ሥራውን ያውቅ ነበር። ሆኖም ለዚህ ዕውቀቱ የተከፈለው ዋጋ ንቀት ሆኖ ኖረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ በዐዋጅ የከለከሉት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ከብት የሚያርድ ሁሉ ሁለት ነገር ያስብ። በቢላዋ የተበሳ ቈዳ በምንም ማልፊያ አይድንም፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ይገፈፍ። ወዲያው ወደ ፋቂው የማይደርስ ከሆነም በዚያው ቀን ጨው ይነስነስበት፤ ጨው ውሃውን ስቦ ብስባሴን ያዘገያልና። ሠራተኛውን ማክበርና ቈዳውን መጠበቅ ለባለ ከብቱም ለከተማውም ጥቅም ነው።