ጨዋታ የእንጀራ ሥራ ስለ ሆነበት አገር፤ የላንክሻየር የእግር ኳስ ታሪክ

ጨዋታ የዕረፍት ጊዜ ደስታ እንጂ ሰው የሚተዳደርበት ሥራ አይደለም የሚል አሳብ በብዙ ሰው ልብ አለ። ሆኖም በእንግሊዝ አገር በሰሜን ምዕራብ በኩል ባለው በላንክሻየር አውራጃ የሚኖሩ ሠራተኞች እግር ኳስን ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ካደረጉት ከ130 ዓመት በላይ ሆኗል። ይህም ያለ ብርቱ ክርክር አልሆነም፤ ከሆነም በኋላ ያለ ጉዳት አልቀረም። የዚህ ትምህርት ዓላማ፥ በግልጥ የተከፈለ ደመወዝ ለድኻው የጨዋታውን በር እንደ ከፈተለት፥ ገቢውን ሳይመዝን የሚከፍል ቡድን ግን በዚያው ደመወዝ እንደሚወድቅ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

1. ስለ አገሩና ስለ ሠራተኛው

ላንክሻየር በ19ኛው መቶ ዓመት የጥጥ ፈትልና የሽመና አገር ነበረ። ብላክበርን፥ ፕሬስተን፥ ቦልተን፥ በርንሊና ዳርወን የሚባሉት ከተሞች የፋብሪካ ጭስ የማይለያቸው ነበሩ፤ ወንዱም ሴቱም በመኪና ፊት ቆሞ ይውል ነበር። በ1850 ዓ.ም. የወጣው የፋብሪካ ሕግ በእነዚህ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት ሥራ እንዲያቆሙ አዘዘ። እነርሱ ሥራ ሲያቆሙ መኪናው ስለሚቆም ወንዶቹም አብረው ያርፉ ጀመር። ከዚህ የተነሣ ሠራተኛው በሳምንት አንድ ጊዜ የራሱ የሆነ ሰዓት አገኘ፤ ምድር ባቡርም ከከተማ ወደ ከተማ በቶሎ ያደርሰው ነበር። እግር ኳስ በሠራተኛው ዘንድ የተስፋፋው በዚህ ሰዓት ነው።

በ1863 ዓ.ም. በለንደን የተቋቋመውና የጨዋታውን ሕግ የጻፈው ዋናው የእግር ኳስ ማኅበር ግን በታላላቅ ትምህርት ቤቶች በተማሩ ሰዎች እጅ ነበረ። እነርሱ ገንዘብ ሳይቀበሉ መጫወትን እንደ ክብር ይቈጥሩት ነበር፤ የሚበሉት ከቤታቸው ነበርና ይህ አይከብዳቸውም። ሸማኔው ግን አንድ ቀን ከሥራው ቢቀር የዚያን ቀን ደመወዝ ያጣል። እንግዲህ ሕጉ ለሁሉ አንድ መስሎ ሳለ ሸክሙ ለሁሉ አንድ አልነበረም።

2. የዳርወን ሰዎች ወደ ለንደን መሄዳቸው፤ 1879 ዓ.ም.

ዳርወን ትንሽ የፋብሪካ ከተማ ነች። በ1879 ዓ.ም. የዚህች ከተማ ቡድን ለአገሩ ዋንጫ ሲወዳደር፥ ኢተን በሚባለው የመኳንንት ትምህርት ቤት ከተማሩት ሰዎች ቡድን ጋራ በለንደን ተገናኘ። ኢተኖች 5 ለ1 ከመሩ በኋላ ዳርወኖች ከመሸነፍ ተመልሰው 5 ለ5 አደረጉት። ጨዋታው ሁለት ጊዜ ተደገመ፤ ሁለት ጊዜም ወደ ለንደን መመለስ ግድ ሆነ። ለመንገዱ የሚሆነውን ገንዘብ የከተማው ሕዝብ አዋጣ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ። ሁለተኛው ጨዋታ 2 ለ2 ሆነ፤ በሦስተኛው ዳርወኖች ደክመው 6 ለ2 ተሸነፉ።

በዚህ ቡድን ውስጥ ፈርገስ ሱተር የሚባል ከስኮትላንድ የመጣ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ። እርሱም ሙያውን ትቶ ኳስ ብቻ ሲጫወት ስለ ታየ፥ በስውር ይከፈለዋል ተብሎ ተጠረጠረ። በስውር መክፈል ከዚያ ወዲያ በአውራጃው ተስፋፋ፤ ሁሉ ያውቀዋል፥ የሚናገረው ግን አልተገኘም።

3. ዋንጫው በሠራተኞች እጅ መግባቱ፤ 1883 ዓ.ም.

መጋቢት 31 ቀን 1883 ዓ.ም. ብላክበርን ኦሊምፒክ የሚባለው ቡድን ለዋንጫው ፍጻሜ ከኢተኖች ጋራ በለንደን ተጋጠመ። ከተጫዋቾቹ መካከል ሸማኔዎች፥ ፈታዮች፥ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ፥ የጥርስ ሐኪም ረዳትም ነበሩ፤ አለቃቸው አልበርት ዋርበርተን ቧንቧ ሠሪ ነበረ። ከጨዋታው በፊት ጃክ ሀንተር የተባለው ተጫዋችና አሠልጣኝ ጓደኞቹን ብላክፑል ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ወስዶ አሠለጠናቸው። በዚያ ዘመን ይህ እንግዳ ነገር ነበር።

መጀመሪያ ግብ ያገቡት ኢተኖች ናቸው፤ በኋላ አርተር ማቲውስ እኩል አደረገ። በተጨመረው ሰዓት ጄምስ ኮስትሊ የሚባል ፈታይ ሁለተኛውን ግብ አግብቶ ኦሊምፒክ 2 ለ1 አሸነፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ደመወዝ የሚጫወት ቡድን ይህን ዋንጫ አልያዘም።

4. ፕሬስተን፥ ከእውነት መናገር እስከ ድል፤ ከ1884 እስከ 1889 ዓ.ም.

በ1884 ዓ.ም. በጥር ወር ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ ከአንድ የለንደን ቡድን ጋራ 1 ለ1 ተለያየ። ለንደኖቹም ፕሬስተን ለተጫዋቾቹ ገንዘብ ይከፍላል ብለው ከሰሱ። የፕሬስተን መሪ ዊልያም ሰደል ነገሩን አልካደም፤ ይህ በብዙ ቡድን ዘንድ የሚደረግ ነው ብሎ መለሰ። ስለዚህ ፕሬስተን ከውድድሩ ተሰናበተ። ነገር ግን የተናገረው ቃል ሊመለስ አልቻለም። በዚያው ዓመት የሰሜን ቡድኖች ተሰብስበው የራሳችንን ማኅበር እናቋቁማለን ብለው አስጠነቀቁ። ዋናው ማኅበርም መለያየትን ፈርቶ ሐምሌ 20 ቀን 1885 ዓ.ም. ደመወዝ መክፈልን በሕግ ፈቀደ።

ደመወዝ የሚከፍል ቡድን ግን የታወቀ ገቢ፥ ለገቢውም የታወቀ የጨዋታ ቀን ያስፈልገዋል። ስለዚህ በ1888 ዓ.ም. 12 ቡድኖች በማንቸስተር ከተማ ተስማምተው ሊግ የተባለውን ውድድር አቋቋሙ፤ ከእነዚህ 6ቱ የላንክሻየር ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ፕሬስተን 22 ጊዜ ተጫውቶ 18 አሸነፈ፥ 4 ጊዜ እኩል ወጣ፥ አንድ ጊዜም አልተሸነፈም። በዚያው ዓመት አንዲት ግብ ሳይገባበት የአገሩን ዋንጫ ጨመረ።

በፕሬስተን በረኛ ሁኖ በ1886 እና በ1887 ዓ.ም. ለዋንጫ የተጫወተ አርተር ዋርተን የሚባል ጥቁር ሰው ነበረ። የተወለደው በ1865 ዓ.ም. በአፍሪካ፥ ዛሬ የጋና ዋና ከተማ በሆነችው በአክራ ነው። በ1889 ዓ.ም. በሮዘራም ከተማ በደመወዝ ስለ ተቀጠረ፥ በታሪክ የታወቀ የመጀመሪያው ጥቁር ደመወዝተኛ ተጫዋች ይባላል። በ1930 ዓ.ም. በድኽነት ሞተ፤ መቃብሩም እስከ 1997 ዓ.ም. ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም። ይህ፥ ጉልበቱ ሲያልቅ የሚተዳደርበት ያልተዘጋጀለት ሠራተኛ ምን እንደሚደርስበት ያሳያል።

5. ደመወዝ ያመጣው ጉዳት

የሠራተኛውን በር የከፈተው ብላክበርን ኦሊምፒክ ደመወዙን መክፈል አቅቶት በ1889 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ከድሉ በኋላ የኖረው 6 ዓመት ብቻ ነው። በ1884 ዓ.ም. እውነትን የተናገረው ሰደልም በ1895 ዓ.ም. የሚያስተዳድረውን የፋብሪካ ገንዘብ አጕድሎ፥ ሒሳቡንም አሳስቶ ስለ ተገኘ 3 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ስለ ክፍያው የተናገረውን እውነት በሒሳብ መዝገቡ አልጠበቀውም።

በ1901 ዓ.ም. ዋናው ማኅበር የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ ወሰነ። ጣሪያው ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢነሣም ወሰኑ እስከ 1961 ዓ.ም. ጸና። በዚህ ሕግ ታናናሾቹ ከተሞች ተጠቀሙ፤ ግንቦት 2 ቀን 1953 ዓ.ም. ለአገሩ ዋንጫ ፍጻሜ የቀረቡት ሁለቱም የላንክሻየር ቡድኖች ነበሩ። ቦልተን 3 ለ1 ሲመራ ቆይቶ፥ የ38 ዓመቱ ስታንሊ ማቲውስ በቀኝ በኩል እየሰነጠቀ ለጓደኞቹ አመቻቸላቸው፤ ብላክፑልም 4 ለ3 አሸነፈ።

ተጫዋቾቹ ግን በዚሁ ሕግ ተጐዱ። የፕሬስተኑ ቶም ፊኒ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቆች አንዱ ሲሆን የቧንቧ ሥራውን አልተወም ነበር። በ1952 ዓ.ም. ፓሌርሞ የተባለው የኢጣልያ ቡድን 10,000 ፓውንድ ሊሰጠው ጠየቀ፤ በእንግሊዝ የተፈቀደው ደመወዝ በሳምንት 14 ፓውንድ ነበር። ቡድኑ አልለቅም አለ፤ ፊኒም እስከ 1960 ዓ.ም. በፕሬስተን ተጫውቶ ተወ።

ወሰኑ ከተነሣ በኋላ ታናናሾቹ ቡድኖች ከባለጸጎቹ ጋራ ለመተካከል ተቸገሩ። ጥንት በላንክሻየር ውስጥ የነበረው የቤሪ ከተማ ቡድን በ1885 ዓ.ም. ተመሥርቶ፥ በ1903 ዓ.ም. በዋንጫው ፍጻሜ ደርቢን 6 ለ0 አሸንፎ ነበር። እንዲህ ያለው ቡድን በነሐሴ ወር 2019 ዓ.ም. በገንዘብ ችግር ከሊጉ ተሰናበተ። ከ130 ዓመት የሚበልጥ ስም ዕዳን አልከፈለለትም።

6. ለመምህራንና ለሽማግሌዎች

የዕድር ዳኛ ወይም ጸሐፊ የሆነ ሰው ይህን ታሪክ ለማስተዋል አይቸገርም። መዋጮው በስንት እንደ ገባ፥ በስንትም እንደ ወጣ በአባላቱ ፊት የሚነበብ ማኅበር ይጸናል፤ የሚሸሸግበት ማኅበር ይፈርሳል። በቀበሌያችሁ ወጣቶች ኳስ ለመግዛት ወይም ሜዳ ለማስተካከል ገንዘብ ሲያዋጡ፥ መዝገብ እንዲይዙና መዝገቡን በሰው ፊት እንዲያነቡ አስተምሩአቸው። እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር የሚለው ምሳሌ ለቡድንም ይሠራል። ለሠራ ሰው ግን ዋጋውን በግልጥ መስጠት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ያሳፍር የነበረው መሸሸጉ ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ፤

1ኛ፤ ያለ ደመወዝ ተጫወቱ የሚለው ሕግ ለሸማኔው ከባለጸጋው ልጅ ይልቅ ለምን ከበደው?

2ኛ፤ ፕሬስተን በ22 ጨዋታ 18 ካሸነፈ፥ ከመቶ ስንት እጅ አሸነፈ ማለት ነው?

3ኛ፤ ብላክበርን ኦሊምፒክ ዋንጫ ከያዘ በኋላ ስለ ምን ፈረሰ?

4ኛ፤ የተጫዋች ደመወዝ ወሰን ቢኖረው የሚጠቀመው ማን ነው? የሚጐዳውስ? ከፊኒና ከብላክፑል ታሪክ እየጠቀሳችሁ አስረዱ።