ከጎርፍ በኋላ አስቀድሞ የማን ቤት ይጐብኝ?

በእንጦጦ ተራራ ላይ የሚዘንበው የክረምት ዝናብ በቀበና ወንዝ ወርዶ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። ስለዚህ ከየካ ኮረብታ ሥር የምንጥለው ጥራጊና እዳሪ በጎርፍ ተጠርጎ ከታች ባለው ገበሬ ማሳ ላይ ያርፋል። ይሁን እንጂ የጎርፍ ጉዳት በሁሉ ላይ እኩል አይወድቅም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ባጥለቀለቁ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ መከራ ጕልበት ያለው ሰው ርዳታ ወደሚታደልበት ቦታ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ዐይነ ስውሩ፣ አራሷ፣ ጧሪ የሌለው ሽማግሌ ግን ከቤት ይቀራሉ። ያልመጣ ሰው ያልተቸገረ ይመስላልና ስሙም ከመዝገብ ይቀራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

1ኛ፤ ክረምት ሳይገባ መምህራንና የዕድር ዳኞች እንዲህ ያሉትን ቤቶች ይመዝግቡ፤ ለእያንዳንዱም ቤት አንድ ጎረቤት ይመደብ።

2ኛ፤ ርዳታው ወደ ቤታቸው ይሂድ እንጂ እነርሱ ወደ ርዳታው አይጠሩ።

3ኛ፤ ጎርፍ የነካው ውሃ በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ ካልፈላ አይጠጣ። በደጋው አገራችን ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። እንጨት ለቅሞ ለማፍላት አቅም ለሌለው ሰው ምክር ብቻ አይበቃውምና፣ የፈላውን ውሃ ክዳን ባለው ዕቃ ጎረቤቱ ያድርስለት።

በደካማው ቤት የተነሣ ተቅማጥ ወደ ብርቱው ቤት መሻገሩ አይቀርም። ደካማውን የሚያስቀድም መንደር የራሱንም ጤና ይጠብቃል።