ነጻነት በመተማ በር ሲገባ

«ኢትዮጵያ ከፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ነጻ የወጣችው መቼ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እንደሚታወቀው አንድ ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። ተማሪውም ያንን ይጽፋል፣ መምህሩም «ልክ» ይላል። መልሱ ትክክል ነው፣ አንከራከርም። ነገር ግን እኛ ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ የታሪክ ትምህርት ስናዘጋጅ፣ ከመካከላችንም የኮኪትና የመተማ ልጆች ስላሉ፣ ይህን ቀን በአካባቢያችን መንገድ ላይ አስቀምጠን አየነው። መተማ ከዚያ ቀን ሦስት ወር ቀደም ብላ ነጻ ወጥታለች። ጎንደር ደግሞ ከስድስት ወር በላይ ዘግይታለች። ታዲያ ለኮኪት ተማሪ «ነጻነት በአንድ ቀን መጣ» ብለን ብናስተምረው የራሱን ደጃፍ ታሪክ ደበቅነው ማለት ነው።

«ኢትዮጵያ ቅኝ ግዛት ሆና አታውቅም እኮ!» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ልክ ነው። ይሁን እንጂ ወራሪው እንደዚያ አላሰበም። ሙሶሊኒ በግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የኢጣልያ ግዛት አድርጎ አወጀ፤ ከኤርትራና ከኢጣልያ ሶማሊላንድ ጋር ቀላቅሎም «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ስም ሰጣት። ጎንደርም የአንዱ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ ተደረገች። እንግሊዝ ራሷ በ1931 ዓ.ም. ይህንን ወረራ በይፋ ተቀብላለች። እንግዲህ በዓለም መንግሥታት ወረቀት ላይ አገራችን የሰው ግዛት ነበረች። በጫካው ግን አልነበረችም።

ጫካ ስንል ሩቅ አይደለም፤ ከመተማ በስተ ሰሜን ያለውን አርማጭሆን ማለታችን ነው። አሞራው ውብነህ እየተባሉ የሚታወቁት ደጃዝማች ውብነህ ተሰማ የተዋጉት እዚያ ነው። አርማጭሆ ለሱዳን ድንበር ቅርብ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ስደተኛው በዚያ ይወጣል፣ መልእክተኛው በዚያ ይገባል። የዓለም ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ቦታቸው የላኳቸው ሎሬንዞ ታእዛዝ በምሥጢር የገቡት ከሱዳን ነው፤ የአርበኞቹን ሁኔታ አይተው ተመልሰዋል። የእንግሊዝ ባለሥልጣኖች ግን በዚያን ጊዜ ከኢጣልያ ጋር መጣላት ስላልፈለጉ ለአርበኞች እርዳታ አልሰጡም።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ትናንት የማይፈለገው አርበኛ ዛሬ ወዳጅ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ክረምት ካርቱም ገቡ። ኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመሩት ቡድን ነሐሴ ላይ ድንበሩን አልፎ ወደ ጎጃም አርበኞች ሄደ።

መተማ ምን ሆነች? ጋላባትና መተማ በአንድ ደረቅ ወንዝ ብቻ የተለያዩ፣ ትይዩ ያሉ ከተሞች መሆናቸውን አገሩን የሚያውቅ ያውቃል። ኢጣልያኖች ጦርነቱ በተጀመረ በአንድ ወር ውስጥ ተሻግረው ጋላባትን ያዙ። በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ስሊም የሚያዙት የሕንድ ብርጌድ በታንክ ታግዞ አጠቃቸው። የጋላባት ምሽግ በጠዋቱ ተያዘ። መተማ ግን አልተያዘችም። ምክንያቱም ከአሥራ ሁለቱ ታንኮች አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋይ ተሰናከሉ፤ የኢጣልያ አውሮፕላኖችም ሰማዩን ተቆጣጥረው ቦምብ አዘነቡ፤ ከእንግሊዝ ወታደሮችም ደንግጠው የሸሹ ነበሩ። ስሊም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እኒህ ሰው በኋላ በበርማ ግንባር ስመ ጥር የሆኑት ናቸው፤ መተማ ላይ ግን አልቀናቸውም።

ኢጣልያኖች መተማን የለቀቁት ከሦስት ወር በኋላ፣ በጥር 23 ለ24 ሌሊት 1933 ዓ.ም. ነው። በሰሜን ከሰላን ትተው ወደ ኤርትራ ማፈግፈግ ጀምረው ስለነበር፣ ከኋላቸውም አርበኛው ጎንደርንና ጎጃምን እረፍት ነሥቶ ጦራቸውን በየምሽጉ ስላሰረባቸው፣ መተማን ይዞ መቆየት ጥቅሙ አልታያቸውም። ሲሄዱ ግን መንገዱን በፈንጂ ዘርተውት ሄዱ።

ያ መንገድ ከመተማ ወደ ጎንደር የሚወስደው ነው። ዛሬ ኮኪትን አልፎ ወደ ገንዳ ውሃ የሚሄደው አስፋልት ያንኑ አቅጣጫ ይከተላል። የሸሸውን ጦር ለመከታተል ከፊት የተሰለፈው ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የሚባል የሕንድ መሐንዲስ ጦር ምክትል መቶ አለቃ ነበር። ዕድሜው 22 ዓመት ነው፤ ከእኛ ብዙም አይበልጥም። በአራት ቀን ውስጥ 55 ማይል፣ ማለትም ወደ 88 ኪሎ ሜትር፣ ከፊተኛው ብረት ለበስ ላይ ሆኖ አሥራ አምስት የፈንጂ ቦታዎችን አስጠረገ። ሁለት ጊዜ የተሳፈረበት ተሽከርካሪ ፈንድቶ አብረውት የነበሩ ሰዎች ተጎዱ። የአንድ ጆሮው ታምቡር ተቀደደ። «ይበቃሃል፣ ሌላ ሰው ይተካህ» ቢሉት እንቢ አለ፤ የፈንጂውን አቀባበር አሁን ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ለዚህ ሥራው የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳልያ፣ የቪክቶሪያ መስቀልን ተሸለመ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብንወያይበት የምንወደው ነገር አለ። ባጋት የኢትዮጵያን መንገድ ሲጠርግ የራሱ አገር ሕንድ የእንግሊዝ ግዛት ነበረች። ሕንድ ነጻ የወጣችው በነሐሴ 1939 ዓ.ም. ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ ጎጃም የገባው የጌዴዎን ጦር ከሚባለው ውስጥ ብዙዎቹ ሱዳናውያን ነበሩ፤ ሱዳን ነጻ የወጣችው በ1948 ዓ.ም. ነው። በኋላ ለጎንደር በተደረገው ጦርነት ከተሰለፉት መካከል የኬንያ ልጆች ነበሩ፤ ኬንያ ነጻ የወጣችው በ1956 ዓ.ም. ነው። የራሳቸው ነጻነት በሌላቸው ሰዎች ጭምር ነው የእኛ የተመለሰው። በብዙ መማሪያ መጽሐፍ «የእንግሊዝ ጦር» በሚሉ ሁለት ቃላት ታልፈው ይቀራሉ፤ ይህ አግባብ አይመስለንም።

ወደ ቀኖቹ እንመለስ። ንጉሠ ነገሥቱ ከመተማ በስተ ደቡብ ባለችው ኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት ጥር 12 ቀን ነው፤ መተማ ከመለቀቋ 11 ቀን በፊት መሆኑ ነው። አዲስ አበባን የእንግሊዝ ጦር መጋቢት 28 ቀን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሚያዝያ 27 ነው የገቡት። አንድ ወር ያህል ለምን ዘገዩ? የእንግሊዝ አዛዦች በከተማው ላሉት ኢጣልያውያን ደኅንነት እንሰጋለን ብለው ስላቆዩዋቸው ነው። እንዴ! የገዛ ዋና ከተማቸው አይደለም ወይ? የሚል ጥያቄ ከተማሪ ቢነሳ መልሱ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይወስደናል።

ምዕራፉ የጠረጴዛው ትግል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 3 ቀን ሚኒስትሮችን ሲሾሙ እንግሊዛዊው ብርጋዴር ላሽ መጥተው፣ ከኢጣልያ ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ሙሉ ሥልጣን መያዝ አይችሉም የሚል አቋም አቀረቡ። ኢትዮጵያን ከጠላት እንደተያዘ አገር ቆጠሯት ማለት ነው። የኢጣልያ የሰላም ውል የተፈረመው ደግሞ በ1939 ዓ.ም. ነው፤ ያ ቢጠበቅ ኖሮ እንግዲህ አስቡት።

የመጀመሪያው ውል ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ተፈረመ። መተማ ከተለቀቀችበት ሌሊት ልክ አንድ ዓመት! ይህ አጋጣሚ ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም፤ ለተማሪ ለማስታወስ ግን ይረዳል። በውሉ የኢትዮጵያ መንግሥት ነጻነቱ ታወቀ፤ እንግሊዝም ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ልትሰጥ ተስማማች። በአንጻሩ እንግሊዛውያን አማካሪዎችና ዳኞች ይቀመጣሉ፤ የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቀዳሚ ይሆናል፤ የጅቡቲ ምድር ባቡርም በእንግሊዝ እጅ ይቆያል። ገበያ ላይ ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር የምሥራቅ አፍሪካ ሺሊንግ ይዞር ነበር። የአገሪቱ የራሷ አዲስ ገንዘብ የወጣው በ1937 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 10 ቀን የተፈረመው ሁለተኛው ውል የመልእክተኛውን ቀዳሚነት አስቀረ፣ ባቡሩንም አስመለሰ። ኦጋዴን ግን እስከ 1941 ዓ.ም. ቆየ። ሐውድና «የተከለለ ቦታ» የተባለው መሬት የተመለሱት በ1947 ዓ.ም. ነው።

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በፈረንጆች 1776 ነጻነታቸውን ቢያውጁም እንግሊዝ የተቀበለችው ከሰባት ዓመት ጦርነት በኋላ፣ በ1783 በፓሪስ ውል ነው። በዓል የሚከበረው ግን በታወጀበት ቀን ነው። የእነሱ ቀን የጦርነቱ መጀመሪያ አካባቢ ስለዋለ ተማሪው «ከዚያስ?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ቀን መጨረሻ የሚመስል ቦታ ላይ ስለዋለ ማንም አይጠይቅም።

ደግሞም ሚያዝያ 27 ሲከበር ጎንደር ገና በጄኔራል ናሲ እጅ ነበረች። ወልቃፊት መስከረም ላይ፣ ቁልቋል በር ኅዳር ላይ ወደቁ፤ በሁለቱም አካባቢ አርበኞች ነበሩ። ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

ለማስተማር ልምምዱ ያሰብነው ዘዴ ቀላል ነው። ሰሌዳው ላይ ከመተማ እስከ ጎንደር፣ ከዚያም እስከ አዲስ አበባና ጅግጅጋ አንድ መስመር ማስመር፤ ተማሪዎቹ በየቦታው ስም ሥር ነጻ የወጣበትን ቀን እንዲጽፉ ማድረግ። ቀኖቹ ተራቸውን አይጠብቁም፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዘላሉ። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው ተማሪ ሲገኝ ትምህርቱ ይጀመራል። የመተማ አካባቢ ልጆች በዚያ መንገድ ላይ ከሽማግሌዎች የሰሙትን ይዘው እንዲመጡም የቤት ሥራ እንሰጣለን። በዘዴው የማይስማማ ወይም የሚጨምረው ያለው ሠልጣኝም ሆነ መምህር ከዚህ ጽሑፍ ሥር በለጠፍነው ባዶ ወረቀት ላይ ይጻፍልን።