ፊርማ የሌለው ሳህን የማን ነው?

ጥያቄ፦ አንዲት አንባቢ በውኃ ላይ እንደ ፈሰሰ ዘይት ኅብረ ቀለም የሚያንጸባርቅ፣ የቦሄሚያ ጎድጓዳ የመስታወት ሳህን አላቸው። ፊርማ የለውም። ሠሪው የሎትስ የመስታወት ፋብሪካ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ከክሎስተርሙሌው የሎትስ ፋብሪካ የወጡት አብዛኞቹ ዕቃዎች ፊርማ አልነበራቸውም። እንዲያውም በኋላ የተጨመረ የሐሰት ፊርማ ብዙ ሰው አታሏል።

እ.ኤ.አ. በ1900 ሎትስ በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ታላቁን ሽልማት ባገኘበት ዘመን፣ እነ ክራሊክ፣ ሪንድስኮፍና ፓልመ-ኮኒግ የተባሉ የቦሄሚያ ፋብሪካዎችም ተመሳሳይ ዕቃ ያመርቱ ነበር።

ስለዚህ ሳህኑ ይገልበጥ። ባለሙያው መስታወቱን ሲሠራ የያዘበትን የብረት ዘንግ ያላቀቀበት ጠባሳ በሎትስ ሥራዎች ላይ ብዙ ጊዜ ተሞርዶ ልሟል። ይህ ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ ቅርጹና የቀለሙ አጣጣል ከፋብሪካው የወረቀት ንድፎች ጋር መመሳከር አለበት። «ቼኮስሎቫኪያ» የሚል ማኅተም ከተገኘ ደግሞ ሳህኑ እ.ኤ.አ. ከ1918 ወዲህ የተሠራ ነው።