ዋይፋያችን ስንንቀሳቀስ ለምን ይቆረጣል?



ባለፈው ሰሞን አንዲት እህታችን ለስኮላርሺፕ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ላይ ሳለች ዶርሙ ስለተንጫጫባት ላፕቶፗን እንደያዘች ወደ ላይብረሪ አመራች። በሩ ጋ ስትደርስ ምስሉ ቆመ፤ ድምፁም ጠፋ። ላፕቶፑ አሁንም “ተገናኝቷል” ይላል፤ ግን ምንም አያልፍም። ከራሷ በላይ ጣሪያው ላይ የአክሰስ ፖይንቱ መብራት በርቷል። ዋይፋዩን አጥፍታ ስታበራው ወዲያው ሙሉ ሆነ፤ ጠያቂዎቹ ግን ወጥተዋል። ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት ስትለምን ሰነበተች። እንዲህ ሲሆን አብዛኞቻችን “ኔትወርኩ ሞተ” ብለን እናልፋለን። ኔትወርኩ ግን አልሞተም ነበር። የተበላሸው ሮሚንግ የሚባለው፣ ማለትም ከአንዱ አክሰስ ፖይንት ወደ ሌላው የሚደረገው ሽግግር ነው።

በግቢ ውስጥ የምናየው የዋይፋይ ስም አንድ ይሁን እንጂ ከኋላው ብዙ አክሰስ ፖይንቶች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ መለያ አድራሻ አለው። ስልካችን በአንድ ጊዜ የሚገናኘው ከአንዱ ጋር ብቻ ነው። ታዲያ “አሁን ይህን ትተህ ወደዚያኛው ሂድ” የሚለው ማን ነው? ብዙ ሰው ኔትወርኩ ይመስለዋል። በሞባይል ስልክ መስመር እያወራን ስንጓዝ በእርግጥ ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው እንድንዛወር የሚያዘው ኔትወርኩ ነው። በዋይፋይ ግን ውሳኔው የመሣሪያው ነው። አክሰስ ፖይንቱ ሊመክር፣ ቢብስም ሊያባርር ይችላል፤ የት እንደሚገባ የሚመርጠው ግን ስልኩ ራሱ ነው።

ስልኩ የሚወስነው በዋናነት በሲግናል ጥንካሬ ነው። መለኪያው ዲቢኤም ይባላል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ከ-70 ይልቅ -50 ይሻላል። ልዩነቱን አቅልለን እንዳናየው፦ 3 ዲሲቤል መቀነስ ኃይሉ በግማሽ ወረደ ማለት ነው፤ 20 ከቀነሰ ደግሞ መቶ እጥፍ ደከመ ማለት ነው። አፕል ስለ አይፎን ይፋ ያደረገውን ደንብ እንውሰድ። አይፎን ሲግናሉ ከ-70 እስኪወርድ ድረስ ያለበትን አይለቅም። ከወረደ በኋላ ሌላ ይፈልጋል፤ የሚዛወረው ግን ዳታ እየላከ ወይም እየተቀበለ ከሆነ አዲሱ ቢያንስ በ8 ዲሲቤል ሲበልጥ፣ ሥራ ፈት ከሆነ ደግሞ በ12 ሲበልጥ ነው። ስለዚህ አሁን ያለበት -71 ሆኖ አጠገቡ -65 የሆነ ቢያገኝ ባለበት ይቆያል፤ ልዩነቱ 6 ብቻ ነውና። ይህ ግትርነት ያለ ምክንያት አይደለም። ደንቡ ባይኖር በሁለት አክሰስ ፖይንቶች መሐል የተቀመጠ ስልክ ወዲያና ወዲህ ሲዘል ይውል ነበር።

ፍለጋውም ዋጋ አለው። ስልኩ ሌላ ቻናል ሲያዳምጥ በራሱ ቻናል የሚመጣለትን መቀበል አይችልም። በ2.4 ጊጋኸርዝ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ስለሆኑ ሥራው ቀላል ነው። በ5 ጊጋኸርዝ ግን ቻናሎቹ እንደየአገሩ ሕግ ከሃያ ሊበልጡ ይችላሉ፤ አክሰስ ፖይንት “አለሁ” የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በ100 ሚሊሰከንድ ገደማ አንዴ ነው። ሁሉንም በተራ ማዳመጥ ሰከንዶች ይፈጃል። 802.11ኬ የተባለው ደረጃ የወጣው ለዚህ ነው፤ አክሰስ ፖይንቱ “ጎረቤቶቼ እነዚህ ናቸው” ብሎ ዝርዝር ይሰጣል። 802.11ቪ ደግሞ “ወደዚያኛው ብትሄድ ይሻልሃል” የሚል ምክር ያስተላልፋል፤ ስልኩ ላይቀበለው ይችላል።

ቀጥሎ ያለው እንቅፋት ደኅንነት ነው። በዩኒቨርሲቲና በድርጅት ኔትወርክ እያንዳንዳችን በየራሳችን ስምና ፓስወርድ ስንገባ ማንነታችንን የሚያጣራ ሰርቨር ከጀርባ አለ። በየሽግግሩ ሙሉው ማጣሪያ ከተደገመ፣ ሰርቨሩም ሩቅ ወይም የተጨናነቀ ከሆነ፣ ጥሪ ለመቆራረጥ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የጸደቀው 802.11አር ቁልፉን አስቀድሞ ስለሚያዘጋጅ ሽግግሩን በጥቂት መልእክቶች ይጨርሳል። አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ይህ በበራበት ኔትወርክ መግባት ስለሚያቅታቸው ግን የሚያጠፉት ባለሙያዎች አሉ። (እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ክራክ የተባለው የዋይፋይ ክፍተት ይህንንም ሽግግር ነክቶ ነበር፤ ስልካችሁን አፕዴት አድርጉ የምንለው በከንቱ አይደለም።)

ሁልጊዜ ጥፋቱ የስልኩ ብቻም አይደለም። አክሰስ ፖይንቱን በከፍተኛ ኃይል ማሠራት ለሁሉም የሚጠቅም ይመስላል፤ ግን ሩቅ ያለው ስልክ ጥሩ ሲግናል እየታየው የራሱ ደካማ ድምፅ አይደርስለትም፤ ስለዚህም መልቀቅ ሲገባው ተጣብቆ ይቀራል። እኛም አናግዝም። ዶርም ውስጥ የራሳችንን ራውተር አስገብተን የግቢውን ኔትወርክ ስም የምንሰጥ አለን። ራውተሩ የሚያድለው አድራሻ ሌላ ስለሆነ፣ ከዚያ ወደ ግቢው የተሻገረ መሣሪያ አድራሻው ይቀየርበታል፤ የተጀመረውም ጥሪ ይቋረጣል። እባካችሁ ስሙን ለዩት።

ኢንቴል የዋይፋይ ካርድ ላለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ፣ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ በካርዱ የአድቫንስድ ገጽ ላይ ሮሚንግ አግረሲቭነስ የሚል ምርጫ አለ፤ አምስት ደረጃ ሲኖረው ሲመጣ መካከለኛው ላይ ነው። ላፕቶፓችሁ የራቀ አክሰስ ፖይንት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩት። ማክ ያላችሁ ኦፕሽን ቁልፍን ተጭናችሁ የዋይፋዩን ምልክት ብትነኩ የሲግናሉን ቁጥርና የአክሰስ ፖይንቱን አድራሻ ታያላችሁ። ለአይሲቲ ቢሮ ስታመለክቱ “ዋይፋይ አይሠራም” ከማለት ይልቅ ይህን አድራሻ፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፉላቸው። ቃለ መጠይቅ ካላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ሄዳችሁ ተቀመጡ፤ ዋይፋዩን አንዴ አጥፍታችሁ አብሩት፣ ከዚያ እስኪያልቅ ከቦታችሁ አትነሡ።