ሶያ ሶስ በጾም ፕሮቲን ይተካል?

ጥያቄ፦ ሶያ ሶስ ከአኩሪ አተር ስለሚሠራ በጾም የሥጋን ቦታ ይሸፍንልኛል? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይሸፍንም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ከ1 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ሲሰጥ፣ ከጨው የሚመጣው ሶዲየሙ ግን ወደ 900 ሚሊግራም ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2000 ሚሊግራም በታች ነው፤ ሁለት ማንኪያ የቀኑን ድርሻ ሊጨርስ ምንም አይቀረውም። «ጨው የተቀነሰለትስ?» ይባል ይሆናል። ይሻላል፤ ግን ፕሮቲን ፍለጋ በብዛት ቢጨመር ጨውም አብሮ ይጨምራል፣ ሽሮውና በርበሬው ደግሞ አስቀድሞ ጨው ገብቶባቸዋል። ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ የሚመጣው ባቄላ በ100 ግራም ደረቅ ፍሬ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ገንዘብዎን እዚያ ላይ ያውሉት። ሶያ ሶስ ለጣዕም ጠብ ቢደረግ አይከፋም፤ ስንዴ የማይስማማው ሰው ግን ይጠንቀቅ፣ አብዛኛው ሲብላላ ስንዴ ይገባበታል።