አዙሪት የተባለችው የከዋክብት ዓለም



በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከእኛ እጅግ ርቃ ስለምትገኝ አንዲት የከዋክብት ዓለም ነው። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በብዙ ቢሊዮን የሚቈጠሩ ከዋክብት ከጋዝና ከአቧራ ጋር ተሰብስበው የሚገኙበትን ክምችት «ጋላክሲ» ይሉታል። የእኛም ፀሐይ ፍኖተ ሐሊብ በተባለው ጋላክሲ ውስጥ ካሉት ከዋክብት አንዷ ናት። ዛሬ የመረጥናት ግን በመዝገብ ስሟ «ሜሲዬ 51»፣ በቅጽል ስሟም «አዙሪት» የምትባለው ናት። ይህን ስም ያገኘችው በወንዝ ላይ ውሃ እየተሽከረከረ ወደ መካከል ሲሰምጥ የሚታየውን መልክ ስለምትመስል ነው።

የመረጥንበት ምክንያት ውበቷ ብቻ አይደለም። ሰዎች እርሷና መሰሎቿ በእርግጥ ምን እንደ ሆኑ እስኪያውቁ ድረስ 150 ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። በዚያ ዘመን ውስጥ ታላላቅ ዐዋቂዎች የተሳሳቱበትና እውነቱም የተለየበት መንገድ ለእኛ ለወጣቶች ትምህርት የሚሆን ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሀ. በመጀመሪያ ያያት ማን ነው?

ሻርል ሜሲዬ የተባለው ፈረንሳዊ ጅራታም ከዋክብትን የሚፈልግ ሰው ነበር። በፍለጋው ጊዜ ጭጋግ የመሰሉ፣ ነገር ግን ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ብርሃኖች እያጋጠሙት ያሳስቱት ነበር። ስለዚህ እነዚህን እየለየ በመዝገብ ይጽፋቸው ጀመር። ጥቅምት 13 ቀን 1773 ያያትን ጭጋግ በኋላ በመዝገቡ 51ኛ አድርጎ ጻፋት። በ1781 ደግሞ ባልንጀራው ፒየር ሜሼን ጭጋጉ አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን፣ ይኸውም በትልቁ ጐን አንድ ትንሽ መኖሩን አስተዋለ። ከዚህ የበለጠ ለማየት መሣሪያቸው አልፈቀደላቸውም።

በ1845 የሮስ መስፍን የነበረው ዊልያም ፓርሰንስ በአየርላንድ በምትገኘው በቢር ከተማ አንድ ታላቅ ቴሌስኮፕ አቆመ። መስተዋቱ ከመዳብና ከቈርቈሮ ቅልቅል ብረት የተሠራ ሲሆን ስፋቱ 1.8 ሜትር፣ ክብደቱም 3 ቶን ያህል ነበር። በዚያው ዓመት በጸደይ ወራት መስፍኑ መሣሪያውን ወደ «ሜሲዬ 51» ቢመልስ ጭጋጉ እንደ ዛጐል የተጠማዘዘ ሆኖ አገኘው፤ ያየውንም በእጁ ሣለ። በሰማይ ላይ ጠመዝማዛ ቅርጽ በሰው ዓይን ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነው። ወዲያው ግን በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ታላቅ ረኀብ ስለ ተነሣ መስፍኑ ቴሌስኮፑን ትቶ ለተራበው ሕዝብ ርዳታ ማሰቡን አስቀደመ፤ ምልከታውም እስከ 1848 ገደማ ተስተጓጐለ።

ለ. መልኳና ርቀቷ

አዙሪት ከእኛ 28 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። አንድ የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት፣ ማለትም 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፀሐይ ብርሃን ወደ እኛ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጅበታል። የአዙሪት ብርሃን ግን የተነሣው ከ28 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ስለሆነ የምናየው የዛሬ መልኳን ሳይሆን የጥንቱን ነው።

በመካከሏ ያሉት ከዋክብት በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ቀለማቸው ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ከዚህ ማእከል ሁለት ታላላቅ ክንዶች ተጠማዝዘው ይወጣሉ። በክንዶቹ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ጥቋቁር የአቧራ መሥመሮች አሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ ከዋክብት የሚወለዱባቸው ቀያይ የጋዝ ደመናዎች፣ ከዚያም ብሩህና ሰማያዊ የሆኑ ወጣት ከዋክብት ይታያሉ። በአንደኛው ክንድ ጫፍ በኩል የምትታየው ትንሿ ጋላክሲ ለብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በአጠገቧ ስታልፍ የኖረች ናት፤ የስበት ኀይሏም የአዙሪትን ክንዶች ጉልህ እንዳደረጋቸው ይታመናል። በ1994፣ በ2005 እና በ2011 በአዙሪት ውስጥ የሞቱ ታላላቅ ከዋክብት ፍንዳታ ታይቷል። ይህን ቀድመው ካስተዋሉት መካከል በትርፍ ጊዜያቸው ሰማይን የሚመለከቱ ሰዎች ይገኙበታል።

ሐ. ክንዶቹ ስለምን አይጠቀለሉም?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ለማእከሉ የቀረቡት ከዋክብት ዙራቸውን ቶሎ ይጨርሳሉ፤ የራቁት ግን ይዘገያሉ። ታዲያ ክንዶቹ ሁልጊዜ ከእነዚያው ከዋክብት የተሠሩ ቢሆኑ ኖሮ ከጥቂት ዙር በኋላ በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም ፈትል ተጠቅልለው በጠፉ ነበር።

በ1964 ሲ. ሲ. ሊን እና ፍራንክ ሹ የተባሉት ሊቃውንት ለዚህ መልስ አቀረቡ። በምሳሌ እናስረዳ። ከጉባኤ በኋላ ሕዝቡ በጠባብ በር ሲወጣ በበሩ ላይ ግፊያ ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው ጥቂት ቆይቶ ያልፋል፤ ሌላውም በቦታው ይተካል፤ ግፊያው ግን ከበሩ አይለቅም። ክንዱም እንዲሁ ከዋክብትና ጋዝ እየገቡ የሚወጡበት የተጨናነቀ ስፍራ ነው። ጋዙ በዚያ ሲታመቅ አዳዲስ ከዋክብት ስለሚወለዱበት ክንዱ ደምቆ ይታየናል።

መ. ታላቁ ክርክር

መስፍኑ ቅርጹን ቢያይም ርቀቱን ግን አላወቀም ነበር። እነዚህ ጠመዝማዛዎች በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ያሉ ደመናዎች ናቸው ወይስ ራሳቸውን የቻሉ ሩቅ የከዋክብት ዓለሞች? በ1920 በዋሽንግተን ሃርሎ ሻፕሊና ሂበር ከርቲስ በዚህ ጉዳይ ተከራከሩ። ሻፕሊ በቅርብ ያሉ ናቸው አለ፤ ከርቲስ ግን የሩቅ ዓለሞች ናቸው አለ።

ሻፕሊ ከተደገፈባቸው ማስረጃዎች አንዱ የወዳጁ የአድሪያን ቫን ማነን ሥራ ነበር። ቫን ማነን በልዩ ልዩ ዓመታት የተነሡ ፎቶግራፎችን አስተያይቶ ጠመዝማዛዎቹ ሲዞሩ መለካቱን አስታወቀ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መዞራቸው ከታወቀ ደግሞ ሩቅ ሊሆኑ አይችሉም፤ ሩቅ ቢሆኑ ኖሮ ጠርዛቸው ከብርሃን ይልቅ መፍጠን በተገባው ነበር። አስተሳሰቡ ትክክል ነበር፤ ልኬቱ ግን ስሕተት ነበር። ከርቲስ ልኬቱን ቢጠራጠርም፣ ወደፊት ልዩ ልዩ ተመልካቾች ተስማምተው ካረጋገጡት የራሱ አሳብ መተው እንዳለበት አስቀድሞ ጻፈ።

መፍትሔው የተገኘው ከሌላ በኩል ነው። በ1912 ሄንሪየታ ሌቪት የተባለች አሜሪካዊት ብርሃናቸው በየጊዜው ከፍና ዝቅ የሚል ከዋክብትን መርምራ፣ ዙራቸው በረዘመ መጠን እውነተኛ ድምቀታቸው እንደሚበልጥ አስታውቃ ነበር። የፋኖስን እውነተኛ ኀይል ያወቀ ሰው ደብዝዞ በሚታየው ብርሃን ርቀቱን መገመት እንደሚችል ሁሉ በእነዚህም ከዋክብት ርቀትን ማወቅ ተቻለ። በ1923 ኤድዊን ሃብል እንዲህ ያለውን ኮከብ አንድሮሜዳ በተባለችው ጠመዝማዛ ውስጥ አገኘ። ውጤቱ በጥር 1925 ሲነገር ጠመዝማዛዎቹ ሩቅ ጋላክሲዎች መሆናቸው ታወቀ። አዙሪት ደግሞ ከአንድሮሜዳ ከ10 እጥፍ በላይ ትርቃለች። በ1935 ሃብል ልኬቱን ደግሞ ቢመረምረው ቫን ማነን ያለውን መዞር አላገኘም፤ ቫን ማነንም የራሱ ውጤት በጥንቃቄ መታየት እንዳለበት ገለጸ።

ሠ. ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፥ ወዳጅነት ማስረጃ አይደለም። ቫን ማነን ሐሰተኛ አልነበረም፤ ዓይኑ ግን አሳሳተው። ወዳጃችንን ስናከብር ቃሉንም መመርመር እንችላለን፤ መመርመራችንም ክብሩን አይቀንስም።

ሁለተኛ፥ አሳባችንን የሚያስተወን ምን ዐይነት ማስረጃ እንደ ሆነ እንደ ከርቲስ አስቀድመን እንናገር። ይህን የማይናገር ሰው በክርክር ቢያሸንፍም እውነትን ላያገኝ ይችላል።

ሦስተኛ፥ በአንድ ነገር የተሳሳተ በሁሉ ተሳስቷል አንበል። ፀሐይ በፍኖተ ሐሊብ መካከል አለመሆኗን በትክክል ያስረዳው ሻፕሊ ነው፤ በዚህ ደግሞ የተሳሳተው ከርቲስ ነበር።

በሀገራችን በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች፣ የከተማ መብራት በሌለበት ስፍራ ወደ ሰሜን ብንመለከት አዙሪት ከትልቁ ድብ ጅራት ጫፍ አጠገብ ትገኛለች። በዓይን ብቻ አትታይም፤ በትንሽ ቴሌስኮፕ ግን ሁለት የደበዘዙ ነጠብጣቦች ሆነው ይታያሉ። ሜሲዬና ሜሼን ያዩትም ይህንኑ ነበር። የቀረው ሁሉ የተገኘው በትውልዶች ትዕግሥት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጋላክሲ ክንድ በበር ላይ ካለ ግፊያ ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?

2. የቫን ማነን ልኬት እውነት ቢሆን ኖሮ ጠመዝማዛዎቹ ሩቅ ሊሆኑ የማይችሉት ስለምን ነበር?

3. የምንወደው ሰው የነገረን ነገር ትክክል ስለ መሆኑ ስንጠራጠር፣ ፍቅርን ሳናጐድል እንዴት ልንመረምረው እንችላለን?